ውሮ ውሃ የለመደችው እንዲህ ነው

ጅማ ዝናብ ብርቅ አይደለም። የኔ ውሮ ግን ውሃ አትቀምስም ነበር። ሳህኗ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ጢሟ ጠርዙን ሲነካው ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ከሄርማታ መርካቶ ሰፋ ያለ የሸክላ ጣባ ገዛሁላት። ከምግቧ አርቄ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት ጠዋት አጥቤ ውሃውን እቀይራለሁ። አሁን ማታ ስትጠጣ የምላሷ ድምፅ ሳሎን ድረስ ይሰማኛል።

ከሁሉም የጠቀማት ግን ምግቧ ነው። ደረቅ የድመት ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሥጋ ቀቅዬ ከነመረቁ እሰጣታለሁ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ግን በፍጹም! ሽንኩርት ደማቸውን ይጎዳል። ወተትም ይቅር፤ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል።

ድዷን በጣታችሁ ንኩት። ደርቆ የሚያጣብቅ ከሆነ ውሃ አንሷታል። ወንድ ድመት ደግሞ እያማጠ ሽንቱ ጠብ አልል ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱት።