ፈተና ተሰርዞ በግምት የተሰጠ ውጤትን በሕግ እንዴት መሞገት ይቻላል

ፈተናው ቀርቷል፤ ውጤቱ ግን ወጥቷል። እንዲህ ሲሆን ክርክሩ እንደ ወትሮው «ወረቀቴ በድጋሚ ይታረምልኝ» የሚባል አይደለም፤ የሚታረም ወረቀት የለምና። የሚመረመረው ቁጥሩ የተገኘበት መንገድ ነው፦ ማን ገመተ፣ በምን መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ በየትኛው ቀመር፣ በየትኛው ሥልጣን። «ልጃችን ጎበዝ ነው፣ ይህ ውጤት አይገባውም» የሚል አቤቱታ ልብ ይነካ ይሆናል እንጂ አይረታም። «ከማኅደሩ የተላከው ቁጥር ተሳስቷል» ወይም «ደንቡ ያዘዘው አልተደረገም» የሚል ግን መልስ ያስፈልገዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ ቀኖቹን ይጻፉ

ሦስት ቀኖችን በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ፈተና ሰጪው ተቋም ለቅሬታ የፈቀደው የመጨረሻ ቀን፣ ዩኒቨርሲቲው ቦታ ይዞ የሚጠብቅበት የመጨረሻ ቀን፣ ለፍርድ ቤት አቤቱታ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ሁሉ የሚያጣድፈው የዩኒቨርሲቲው ቀን ነው።

የፍርድ ቤቱ ገደብ እንደየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ የአስተዳደር ውሳኔ እንዲከለስ የሚቀርብ አቤቱታ ሳይውል ሳያድር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት። «ገና 3 ወር አልሞላም» ብሎ የተዝናና ሰው በገደቡ ውስጥ ሆኖም «ዘግይተሃል» ሊባል ይችላል። ሁለት ወጥመዶች ደግሞ በየቦታው አሉ። አንደኛው፣ የውስጥ ቅሬታ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ የፍርድ ቤቱን ቆጠራ ሁልጊዜ አያቆምም። ሁለተኛው፣ የሚቃወሙት የእርስዎን ውጤት ብቻ ሳይሆን ቀመሩን ራሱን ከሆነ፣ ቆጠራው ውጤቱ በወጣበት ቀን ሳይሆን ቀመሩ በታወጀበት ቀን ጀምሯል የሚል ተከራካሪ ሊገጥምዎት ይችላል።

2. ውጤቱ በየትኛው ዘዴ እንደተሠራ ይለዩ

ፈተና ሲሰረዝ ውጤት የሚተካባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ስህተታቸው ግን የተለያየ ነው።

ቀላሉ ካለፉት ዓመታት ውጤቶች በመቶኛ የሚሰላው ነው። ሕንድ በ2021 የ12ኛ ክፍል ፈተናን ስትሰርዝ ማዕከላዊው የፈተና ቦርድ የተጠቀመበት ቀመር 30፣ 30፣ 40 ነበር፦ 30 በመቶ ከ10ኛ ክፍል፣ 30 በመቶ ከ11ኛ፣ 40 በመቶ በ12ኛ ክፍል ትምህርት ቤቱ ራሱ ከሰጣቸው ፈተናዎች። በዚህ ዓይነቱ ዘዴ ስህተት ፈልጎ ማግኘት ለማንም ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ካልኩሌተር ብቻ ነው።

ሁለተኛው የመምህር ግምት ነው። እዚህ የሚመረመረው ግምቱ በምን ማስረጃ እንደተደገፈ፣ ለክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ አንድ መለኪያ መዋሉንና የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ወይም የሕመም ጊዜ ግምት ውስጥ መግባቱን ነው።

ሦስተኛውና እጅግ አከራካሪው ስታቲስቲካዊ ሞዴል ነው። በ2020 በእንግሊዝ መምህራን ለእያንዳንዱ ተማሪ ግምት ከመስጠት በተጨማሪ ተማሪዎቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተርታ አሰለፉ። ሞዴሉ ትምህርት ቤቱ ባለፉት ዓመታት ያስመዘገበውን የውጤት ስርጭት ወስዶ በዚያ ተርታ ላይ አከፋፈለው። ስለዚህ ትልቁ ክብደት የመምህሩ ግምት ሳይሆን ተርታው ነበር፤ በተርታው ሁለት ቦታ ዝቅ ብሎ የተሰለፈ ተማሪ አንድ ሙሉ የውጤት እርከን ሊያጣ ይችላል። በአንድ ትምህርት 5 ወይም ከዚያ በታች ተማሪ ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ግን የመምህሩ ግምት ስለጸደቀለት ትንንሽ ክፍል ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶች ተጠቀሙ። ኦገስት 13 ቀን ውጤቱ ሲወጣ ከመምህራን ግምት 39.1 በመቶው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከአራት ቀን በኋላ መንግሥት ሞዴሉን ትቶ ወደ መምህራን ግምት ተመለሰ። በስኮትላንድም ከ124,000 በላይ ውጤቶች ዝቅ ከተደረጉ በኋላ በሳምንቱ እንዲሁ ተመልሰዋል።

ተማሪው ተፈትኖ ሳለ በኩረጃ ጥርጣሬ ውጤቱ ከተሰረዘበት ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ክርክሩ ስለ ክስ፣ ስለ ማስረጃና ስለ መሰማት መብት እንጂ ስለ ቀመር አይደለም።

3. ሰነዶቹን በእጅዎ ያስገቡ

ሰነድ ሳይያዝ የተጻፈ ቅሬታ ግምትን በግምት መሞገት ነው። ለትምህርት ቤቱና ለፈተና ሰጪው ተቋም ለየብቻ፣ በጽሑፍ፣ ቀን ያለበትና ተቀባይ የፈረመበት ደብዳቤ ያስገቡ። በኢሜይል ከሆነ መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ ይጠይቁ። የሚጠየቁት፦

- ትምህርት ቤቱ ለተቋሙ የላከው ግምትና ተርታ፣ ከተላከበት ቀን ጋር፤
- ግምቱ የተመሠረተባቸው የፈተና፣ የሞዴል ፈተናና የተከታታይ ምዘና ውጤቶች፤
- በትምህርት ቤቱ ውስጥ ውጤቱን የመረመረ ሌላ መምህር ወይም ኮሚቴ ካለ ቃለ ጉባኤው፤
- ተቋሙ ያወጣው ደንብና መመሪያ፣ ውጤቱ በተሠራበት ቀን የነበረው ቅጂ፤
- ቀመሩ በእርስዎ ቁጥሮች ላይ ሲሠራ ደረጃ በደረጃ ያሳየው ስሌት።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። በችኮላ የወጣ መመሪያ በሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሻሻላል፤ ከድረ ገጹ ላይ ያለፈው ቅጂ ይጠፋል። ባዩት ቀን ያስቀምጡት።

የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ባለበት አገር ይህ ጥያቄ የሕግ ጉልበት አለው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2017 የተፈታኝ መልስና የአራሚው አስተያየት የተፈታኙ የግል መረጃ መሆናቸውን ወስኗል። በኅብረቱ ደንብ መሠረት የመልስ ጊዜው በመርህ ደረጃ አንድ ወር ነው። ለፈተና ውጤት ግን የተለየ ገደብ ሊኖር ይችላል፦ በብሪታንያ ውጤት ከመገለጹ በፊት የቀረበ ጥያቄ እስከ 5 ወር ወይም ውጤቱ ከተገለጸ በኋላ እስከ 40 ቀን፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው ሊቆይ ይችላል። የዩኒቨርሲቲው ቀን ከዚያ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ሕጋዊ ጥያቄውን አስገብተው ጎን ለጎን ትምህርት ቤቱን በቀጥታ ይለምኑ። ፈጣኑ በር ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

4. ስሌቱን ራስዎ ይሥሩ

የሒሳብ ውጤት ከመቶ እንዲህ ነው እንበል፦ የመጀመሪያው ዓመት 78፣ ሁለተኛው 64፣ የመጨረሻው 85፤ ቀመሩ 30፣ 30፣ 40። 78 በ0.30 ሲባዛ 23.4፣ 64 በ0.30 ሲባዛ 19.2፣ 85 በ0.40 ሲባዛ 34 ነው፤ ድምሩ 76.6። የወጣው ውጤት 65.8 ከሆነ ልዩነቱ 10.8 ነው። 10.8ን ለ0.40 ሲያካፍሉት 27 ይመጣል፣ 85 ሲቀነስ 27 ደግሞ 58። ስለዚህ አንድ ሰው 85ን ገልብጦ 58 ብሎ አስገብቷል። ልዩነቱን በየክብደቱ እያካፈሉ ወደ ኋላ መሄድ ስህተቱ ከየትኛው ረድፍ እንደመጣ ይጠቁማል።

የመረጃ ስህተት ብቻ ሳይሆን የፕሮግራም ስህተትም አለ። በአየርላንድ በ2020 የተጻፈው ኮድ ከተማሪው ቀዳሚ ፈተና ሁለቱን የተሻሉ ትምህርቶች መውሰድ ሲገባው ሁለቱን ደካሞች ወስዶ ተገኘ። ሲታረም 6,100 ገደማ ተማሪዎች ቢያንስ በአንድ ትምህርት ውጤታቸው ከፍ አለ። «ኮምፒውተሩ አይሳሳትም» የሚል መልስ ሲሰጥዎት ይህን ያስታውሱ።

5. ቅሬታውን ይጻፉ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሚከተለው ዓይነት በቂ ነው፦

«የሒሳብ ውጤቴ 65.8 ተብሎ ተገልጿል። በደንቡ መሠረት የመጨረሻው ዓመት ውጤት 40 በመቶ ይይዛል። በትምህርት ቤቱ ማኅደር ያለው የመጨረሻ ዓመት ውጤቴ 85 ነው (አባሪ 1)፤ ወደ ተቋሙ የተላከው ዝርዝር ግን 58 ይላል (አባሪ 2)። ትክክለኛው ድምር 76.6 ነው። እንዲታረምልኝ፣ የማይታረም ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። የዩኒቨርሲቲ ቦታዬ እስከ ወሩ 23 ብቻ ስለሚቆይ ጉዳዩ በአስቸኳይ እንዲታይ አመለክታለሁ።»

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጌጥ አይደሉም። ምክንያት በጽሑፍ መጠየቅ ነገ ለፍርድ ቤት የሚቀርበውን ሰነድ ዛሬ ማዘጋጀት ነው። ስድብ፣ የመምህር ስም ማጥፋትና የጎረቤት ልጅ ውጤት ማነጻጸሪያ ይቅሩ።

ከማስገባትዎ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። በብዙ ሥርዓቶች ለተቋሙ ይግባኝ የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ እንጂ ተማሪው አይደለም፤ ርዕሰ መምህሩ እምቢ ካሉ እምቢታውን በጽሑፍ ይቀበሉ። ዳግም ሲታይ ውጤቱ ዝቅ ሊልም ይችላል፤ ለዚያ ዝግጁ ካልሆኑ አንድ ግልጽ የቁጥር ስህተት ብቻ ያቅርቡ እንጂ ምዘናው በሙሉ እንደገና እንዲታይ አይጠይቁ።

6. ዩኒቨርሲቲውን በዚያው ቀን ያነጋግሩ

ይህን እርምጃ መጨረሻ ላይ የሚያደርጉት ይበዛሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ዓመት የሚያድነው ግን እሱ ነው። ለቅበላ ክፍሉ የቅሬታውን ግልባጭ ከመድረሻ ማረጋገጫው ጋር ይላኩ፤ ቦታው እስከ ስንት ቀን እንደሚያዝ ወይም ለቀጣዩ ዓመት ሊተላለፍ ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሳይነገረው ቦታውን ለሌላ የሰጠ ዩኒቨርሲቲ ውጤትዎ ሲስተካከል «ሞልቷል» ሊል ይችላል።

7. ከፍርድ ቤት በፊት ያሉ በሮች

የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂና የእኩልነት ኮሚሽን ባሉበት አገር እነሱን መሞከር ወጪው ትንሽ ነው። በ2020 በብዙ አገሮች የሚሰጠውን የሁለተኛ ደረጃ መርሐ ግብር የሚመራው የዓለም አቀፉ ባካሎሬት ድርጅት የትምህርት ቤቶችን ያለፈ ታሪክ ጭምር ተጠቅሞ ውጤት ሲሰጥ፣ የኖርዌይ መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን አሠራሩ ለተማሪው ፍትሐዊ አይደለም፣ ውጤቶቹም ትክክለኛ አይደሉም ብሎ እንዲታረሙ ሊያዝ መሆኑን አስታወቀ። መከራከሪያው ብልህ ነው፦ ከእኔ በፊት የተማሩ ሰዎች ውጤት ስለ እኔ ትክክለኛ መረጃ አይደለም።

8. ፍርድ ቤት ሲደረስ

ዳኛ ፈተና አያርምም። የሚያየው ተቋሙ ከሥልጣኑ አልፎ እንደሆነ፣ የራሱን ደንብ ጥሶ እንደሆነ፣ ሊያየው የሚገባውን ሳያይ ቀርቶ እንደሆነ፣ አድልዎ ፈጽሞ ወይም ምንም ምክንያታዊ ባለሥልጣን የማይወስነውን ወስኖ እንደሆነ ነው። ስለዚህ «85 ይሰጠኝ» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ የሚጠየቀው ውሳኔው ተሽሮ በሕጉ መሠረት እንደገና እንዲታይ ነው።

ከአየርላንድ ሁለት ጉዳዮች ልዩነቱን ያሳያሉ። መንግሥት የትምህርት ቤቶችን ያለፈ ውጤት ከቀመሩ ማውጣቱ ጎድቶኛል ያለ ተማሪ በማርች 2021 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሸነፈ፤ የትኛው ቀመር ይሻላል የሚለው የመንግሥት ምርጫ ነውና። ቤታቸው ሆነው በወላጅ የተማሩና «ገማች መምህር የላችሁም» ተብለው ከሥርዓቱ ውጭ የተደረጉ ተማሪዎች ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው በ2022 ረቱ። የተሻለ ቀመር መፈለግና ምንም በር ማጣት አንድ አይደሉም። በሕንድም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀመሩን ራሱን በ2021 አጸደቀ፤ ነገር ግን «ውጤት ለማሻሻል የተፈተነ ሰው የኋለኛው ቢያንስም የመጨረሻው እሱ ነው» የሚለውን አንቀጽ በጃንዋሪ 2022 ሽሮ ተማሪው ከሁለቱ የተሻለውን እንዲይዝ አደረገ። ጠባብና የተለየ አንቀጽ ላይ ያነጣጠረ አቤቱታ ሥርዓቱን ሁሉ ከሚያጠቃው ይልቅ ዕድል አለው።

ክስ ከመመሥረቱ በፊት በጠበቃ በኩል የቅድመ ክስ ደብዳቤ ይላኩ፤ በእንግሊዝ የተለመደው የመልስ ጊዜ 14 ቀን ሲሆን አስቸኳይ ከሆነ ያጥራል። ብዙ ጉዳይ የሚያልቀውም እዚህ ነው። አቤቱታው ከገባ ቃለ መሐላ፣ የውሳኔው ቅጂ፣ የቅሬታው መልስና የቀኖች ዝርዝር ይያያዛሉ። የውስጥ ቅሬታውን ሳይጨርሱ መምጣት መዝገቡ የሚዘጋበት ተራ ምክንያት ነው። እግድ የሚጠይቁ ከሆነ ጠባብ ያድርጉት፦ «የሁሉም ውጤት ይታገድ» የሚል ጥያቄ ሌሎች ተማሪዎችን ስለሚጎዳ ዳኛው ይሸሸዋል፤ «ለአመልካቹ አንድ ቦታ ይያዝ» የሚለውን ግን ሊያስብበት ይችላል። የሚሸነፍ ወገን የሌላውን ወጪ በሚከፍልበት አገር አስቀድሞ ጠበቃው ጣሪያውን በጽሑፍ እንዲነግርዎት ያድርጉ። አንድ ዓይነት ችግር ያለባቸው ተማሪዎች በጋራ ቢከሱ ወጪው ይቀላል፤ ነገር ግን የአንዱ ችግር የቁጥር ስህተት፣ የሌላው የቀመር ተቃውሞ ከሆነ አብረው መሄዳቸው ሁለቱንም ያዳክማል።

9. ውጤቱ ከታረመ በኋላ

የታረመ ውጤት በራሱ ወደ ሁሉም ቦታ አይደርስም። አሮጌውን የምስክር ወረቀት መልሰው አዲሱን ይረከቡ፤ በላዩ ላይ ያለው ስም፣ የተፈታኝ ቁጥርና እያንዳንዱ ውጤት ልክ መሆኑን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ። ተቋሙ የተስተካከለውን ውጤት ለዩኒቨርሲቲው የላከበትን ቀን በጽሑፍ ይውሰዱ፤ በቀድሞው ውጤት ምክንያት የተነፈገ ነፃ የትምህርት ዕድል ካለ ለሰጪው ለየብቻ ያመልክቱ።