የአሮጌ ቪትዝ ፍሬን በትንሽ ወጪ ሲያሻሽሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ እየወረዱ ነው። ከፊትዎ ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ቀጥ አለ። ፍሬን ያዙ። መኪናዋ ቆመች፤ ግን ከሚኒባሱ ጋር የቀራት አንድ ስንዝር ነው። ልብዎ እየመታ "ይሄን ፍሬን አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ" ይላሉ።

ልክ ነዎት። ችግሩ ያለው ገንዘቡ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። እኔም አሮጌ ቶዮታ ቪትዝ ነው የምነዳው፤ ከሚከተሉት ስህተቶች ግማሹን ሠርቻቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከፊት ዲስክ (ሸራ ከሁለት በኩል የሚጨብጠው ክብ ብረት)፣ ከኋላ ታምቡር (ሸራ ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ መሳይ ብረት) አላት። ለክብደቷ ይህ ፍሬን በቂ ነው። የደከመው ሃያ ዓመት አልፎት ዘይቱ የጠቆረው፣ ቱቦው ያረጀው፣ የኋላው የላላው ፍሬን ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት መኪና ትልቁ ማሻሻያ ፋብሪካው የሰጣትን ፍሬን መልሶ ማግኘት ነው። ኮሮላ ዲኤክስም ሆነ ያሪስ ቢነዱ ነገሩ ያው ነው።

ጎማውን ረስቶ ከዲስክ መጀመር

ፍሬን የሚያቆመው የሚሽከረከረውን ጎማ ነው። መኪናዋን አስፋልቱ ላይ የሚይዛት ግን ጎማው ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን በደንብ ሲረግጡ ጎማው ተቆልፎ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ወይም ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ካላት ፔዳሉ እግርዎ ስር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ፍሬኑ ከጎማው አቅም በላይ ጉልበት አለው ማለት ነው። እዚያ ላይ ትልቅ ወይም የተበሳሳ ዲስክ ቢያስገቡ መኪናዋ በአጭር ርቀት አትቆምም። ትልቅ ዲስክ የሚጠቅመው ሙቀት ለመቻል ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ትልቅ ቸርኬ ይጠይቃል፤ ወጪው ወጪ እየወለደ ይሄዳል።

የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ያንብቡ። በአራት አኃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ። 2314 ከሆነ ጎማው የተመረተው በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ሰልባጅ ጎማ ሲገዙ ይህን ቁጥር ሳያዩ ብር አይክፈሉ። ያረጀ ጎማ ይደርቃል፤ በክረምት ዝናብ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ሸራ ቀይሮ ዘይቱን መተው

በእኔ እይታ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሰው ለሸራ ብር አይሰስትም። ለፍሬን ዘይት ሲሆን "ጎደለ ወይ? ጨምርበት" ብሎ ያልፋል።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዕቃው ተከድኖም ቢሆን በቱቦውና ዘይት እንዳያፈስ በሚይዘው ላስቲክ (ጎሚኒ) በኩል ቀስ በቀስ ውሃ ይገባበታል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው። ከክብደቱ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ዘይቱ ቱቦ ውስጥ ሲፈላ አረፋ ይሠራል። አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል። ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጡ ያህል ይሰምጣል፤ መኪናዋ ግን ትሄዳለች።

ይህ የት እንደሚያጋጥም ላሳይዎት። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። አራት ሰው የጫነች ቪትዝ ከአንድ ቶን በላይ ትመዝናለች። አንድ ቶን 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 30 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ነፋሱና ሞተሩ ካልተጋሩት ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው አራቱ ጎማዎች ውስጥ ባሉት ትንንሽ ብረቶች ላይ ነው። በዚህ ላይ ስንት ዓመቱ እንደሆነ የማይታወቅ ጥቁር ዘይት ይዞ መውረድ አያስፈልግም።

የእጅ ባትሪ ይያዙና የዘይቱን ዕቃ ይዩ። አዲስ ዘይት እንደ ቀጭን ሻይ ነው። እንደ ቡና ከጠቆረ ጊዜው አልፏል። አሮጌው ከአራቱም ጎማ ወጥቶ ንጹሕ እስኪመጣ ያስቀይሩት፤ በሁለት ዓመት አንዴ ይበቃል። ዶት 3 ለሚፈልግ መኪና ዶት 4 መጨመር ችግር የለውም። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የመሪ ወይም የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይነካው። ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ከላይ እስከ ታች መቀየር ነው።

ዘይቱ ሲቀየር ከመስመሩ ውስጥ አየር ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ አንድ ነገር ይከታተሉ። ብዙ ጊዜ ረዳቱ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ወለል ድረስ ይረግጠዋል። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው አሮጌ ፍሬን ፓምፕ ውስጥ ጎሚኒው በየቀኑ የማይደርስበት፣ ዝገት የያዘ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ይቧጨራል። ከፔዳሉ ስር ቁራጭ እንጨት ማስቀመጥ ብቻ ፓምፑን ያድናል።

ወደ ጎን የምትጎትት መኪና ላይ ሸራ ብቻ መደጋገም

የእኔዋ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትጎትት ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የፊት ሸራ ቀየሩ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነች። ተመልሼ ሄድኩ፤ "ሸራው ፌክ ነው" ተብሎ ሁለተኛ ጊዜ ተቀየረ። ብሩ ሄደ፣ መኪናዋ መጎተቷን አልተወችም።

በመጨረሻ ሰፈራችን ያሉ ሸምገል ያሉ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ነዷት። ሲመለሱ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ አምጥተው በቸርኬው ቀዳዳ ዲስኮቹ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ። የቀኙ ዝም አለ። የግራው ቸስ አለ። "አየህ ልጄ፣ ይሄኛው እግርህን ስታነሳም አይለቅም" አሉኝ። በክሪክ አነሷት። የግራው ጎማ በእጅ አልዞር አለ። የአየር ማውጫዋን ቡሎን ፈታ ሲያደርጓት ዘይት ፊጭ አለና ጎማው ወዲያው ተለቀቀ።

ጥፋቱ ከዋናው መስመር ወደ ጎማው የሚሄደው የላስቲክ የፍሬን ዘይት ቱቦ ነበር። ካወጡት በኋላ በቢላ ሰንጥቀው አሳዩኝ። ውጪው ምንም አልሆነም። ውስጡ አብጦ የቀረው ቀዳዳ መርፌ አያስገባም። በእግር ኃይል የተገፋ ዘይት ያልፋል፤ ተመልሶ መውጣት ግን አይችልም። ሁለቱንም የፊት ቱቦ ቀየርን። ለሁለቱ ቱቦ የከፈልኩት ለአንዱ ዙር ሸራ ካወጣሁት ያነሰ ነበር።

ቡሎኗ ተፈትታም ጎማው ባይለቅ ኖሮ ጥርጣሬው ሸራውን ዲስኩ ላይ ወደሚጫነው ካሊፐር ይሄድ ነበር። የዛገ ፒስተን ወይም የደረቀ የካሊፐር ፒን ይሆናል። ሸራ በተቀየረ ቁጥር ፒኖቹ ወጥተው እንዲጸዱና ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ እንዲቀቡ ይጠይቁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ካሊፐሩ ተፈትቶ በቱቦው ተንጠልጥሎ ካዩ ደግሞ በሽቦ እንዲያስሩት ይንገሯቸው። ቱቦ የሚጎዳው እንዲህ ነው።

የኋላውን ታምቡር መርሳት

ፍሬን ሲረግጡ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ስለዚህ ሰው የኋላውን ይረሳል። የኋላ ሸራ ከታምቡሩ ሲርቅ ግን ፔዳሉ ጥልቅ ይገባል፣ የእጅ ፍሬኑም ረጅም ይሳባል። ራሱን እንዲያስተካክል የተሠራው መቆጣጠሪያ በአሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ዝጎ ቆሟል። ታምቡሩ ይከፈት፣ ይጸዳ፣ ሸራው በልኩ ይጠጋ። ብዙዎች "ፍሬኗ አዲስ ሆነች" የሚሉት ከዚህ ሥራ በኋላ ነው።

ሲከፈት አቧራውን በኮምፕሬሰር እንዲነፉት አይፍቀዱ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ልጆች ያንን አቧራ ቀኑን ሙሉ ነው የሚስቡት።

የኋላውን ወደ ዲስክ መቀየርስ? ሶማሌ ተራ ዕቃው ይገኝልዎት ይሆናል። ነገር ግን የእጅ ፍሬኑ፣ የፓምፑ መጠን፣ የፊትና የኋላው ሚዛን ሁሉ አብሮ ይቀየራል። የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናዋ ትሽከረከራለች። ለዚህች መኪና ገንዘቡን አይጣሉት።

ዲስክ ቶርኖ ቤት ማመላለስ

ዲስክ ዝቅተኛ ውፍረት አለው፤ በሚሊ ሜትር እላዩ ላይ ተቀርጿል። ከዚያ በታች የተላገ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ቶርኖው ከመጀመሩ በፊት በውፍረት መለኪያ ያስለኩት። ልኩ ጫፍ ላይ ከሆነ አዲስ ጥንድ ይግዙ። አንዱን ብቻ መቀየር አይሆንም።

ፔዳሉ ጠጠረ ብሎ ሰርቮ መቀየር

ፔዳሉን ሲረግጡ እግርዎን የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ ሰርቮው የሚያግዝዎት ጉልበት ይቀንሳል። ድሬዳዋ ለስላሳ የነበረ ፔዳል አዲስ አበባ ጠጠር ቢል ብልሽት ላይሆን ይችላል። ሰርቮ ከመግዛትዎ በፊት ከሞተሩ የሚመጣው የአየር ቱቦ መሰንጠቁን ያሳዩ። እሱ በጣም ርካሽ ነው።

አዲስ ሸራ አስገብቶ በዚያው ወደ ረጅም መንገድ መውጣት

አዲስ ሸራና ዲስክ መላመድ አለባቸው። እሑድ ጠዋት ጭር ያለ መንገድ ይፈልጉ። ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 እስኪወርድ ጠንከር አድርገው ይያዙ፤ ግን ጨርሰው አይቁሙ። አሥር ጊዜ ያህል ይድገሙት። ከዚያ ፍሬን ሳያበዙ ነድተው ያብርዱት።

ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ

ማርሽ አውጥቶ መውረድ "ነዳጅ ይቆጥባል" እየተባለ ዛሬም ይደረጋል። በኢንጀክሽን ለሚሠራ ሞተር ግን ተቃራኒው ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ያቋርጣል፤ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ጣርማ በር ሲወርዱ ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ። አውቶማቲክ ከሆነች 2 ወይም ኤል ላይ ያድርጓት። ይህ ምንም ብር አይጠይቅም። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ጥቂት ጊዜ ከረገጡ በኋላ ሰርቮው ባዶ ይሆናል።

ሳይሞክሩ ከጋራዥ መውጣት

ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ሞተር ሳያስነሱ ፔዳሉን አራት አምስቴ ይርገጡ። ጠንካራ ይሁን። ሳይለቁት ሞተር ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወረድ ካለ ሰርቮው ጤነኛ ነው። እንደያዙት እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ። ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ፓምፑ ውስጥ ያስተላልፋል፣ ወይም የሆነ ቦታ ዘይት ይንጠባጠባል። ቁልፉን ይመልሱላቸውና መኪናዋን እዚያው ያሳድሯት።