ምግብ ቤቱን ከመምረጣችሁ በፊት ቀኑን እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ አዳዲስ ቤት መሞከር ለምትወዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀኑን አስቡ።

ረቡዕና አርብ የበያይነቱ ቀን ናቸው። ጿሚው ስለሚበዛ ሽሮው፣ ምስር ወጡ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ሁሉ በብዛት ይሠራል። ትኩስ ትኩሱን ታገኛላችሁ። ባትጾሙም እንኳ በእነዚህ ቀናት ትንንሾቹን የሰፈር ቤቶች ሞክሩ። እኔ እስከ ዛሬ የበላሁትን ምርጥ ሽሮ ያገኘሁት እንዲህ ነው፣ ታፔላ እንኳ በሌለው ቤት። ብቻ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ የቢሮ ሰው ይሞላዋል።

ክትፎና ቁርጥ ለሌላ ቀን ይቆዩ። በሁዳዴማ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ቁርጥ ስታዝዙ የኪሎውን ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሲመዘንም እዩ።

ለቡና ፒያሳ ያለው ቶሞካ ግቡ። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ቤት ነው፤ ማኪያቶው የሚጠጣው ቆሞ ነው።

ማታ ጠጅ ቤት ከሄዳችሁ በአንድ ብርሌ ጀምሩ። ስለሚጣፍጥ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሳይታወቃችሁ ይይዛል። ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ አለ፤ ለጀማሪ ለስላሳው ይሻላል።