ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ሁሌ የምንስታቸው ስሌቶች

ቲኬት መሸጥ ሥራዬ ነው። ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። ችግሩ፣ አፌን ሳልከፍት ደንበኛው ራሱ አስልቶ ይጨርሰዋል።

መነሻውን ከመድረሻው መቀነስ። ይሄኛው ያቃጥለኛል! ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየከተማው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ማታ 22:15 ከቦሌ ተነስቶ በማግስቱ 8:00 የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ዱለስ የሚገባ በረራ አለ እንበል። ሲቀንሱት 10 ሰዓት እንኳ አይሞላም። መመለሻው ጠዋት 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 7:00 ቦሌ ቢገባ ደግሞ 20 ሰዓት ይመጣል። «መመለሻው እጥፍ የሆነው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠረጴዛዬን የደበደበ ሰው አለ። እውነቱ ግን ግልባጩ ነው። እነሱ ጋ ሙቀት ሲሆን እኛ በ7 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። ሲሄዱ 7 ይደምሩ፣ ወደ 17 ይጠጋል። ሲመለሱ 7 ይቀንሱ፣ 13 ይሆናል።

አንድ ልጅ እናቱን «10 ሰዓት ነው፣ ተኝተሽ ትደርሻለሽ» ብሎ ላካቸው። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ሊሞላ ሲያርፍ፣ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው የበርበሬ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆሙ። አስተናጋጇ ብትለምናቸው ወይ ፍንክች! «ልጄ ውጭ እየጠበቀኝ ነው።» ገና አትላንቲክን አላዩትም። ሲመለሱ እየሳቁ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ርቀቱን ለፍጥነት ማካፈል። በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ900 ሲካፈል 13 ሰዓት አካባቢ ይሰጣል። ለመመለሻው ይሠራል፣ ለመሄጃው አይሠራም። አንደኛ፣ ከፍታ ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛል። ሁለተኛ ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ሰው፣ ሻንጣና ሙሉ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ ይሞላል። ዱለስ 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ከዚያ ጢም አድርጎ ሞልቶ ቀጥታ ይመጣል።

ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካትን ይተዉት። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ከፈነዳ ወዲህማ ስንቱ በረራ ዙሪያ ጥምጥም ሆኗል።

ዱለስን የከተማው መሀል አድርጎ ማሰብም አለ። ቨርጂንያ ውስጥ ነው፣ ከዋሽንግተን መሀል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

የሰዓት ለውጡን መርሳት። አሜሪካኖች በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ የ7 ሰዓቱ ልዩነት 8 ይሆናል። ይህን የረሳሁት እኔው ነኝ። አክስቴን የምትቀበለው እህቴ ነበረች። ቲኬቱን እንደማየት በጣቴ ቆጥሬ መድረሻውን ነገርኳት። አንድ ሰዓት አሳለፍኳት። ስትደርስ አክስቴ ጋቢዋን ተከናንባ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። እስካሁን ባየችኝ ቁጥር «ቲኬት የምትሸጠው አንተ ነህ?» ትለኛለች።