ማሽን ከመግዛትዎ በፊት የምርት መስመሩን በሲሙሌሽን እንዴት ይፈትሻሉ?

ምርት ሲያንስ ቶሎ የሚታሰበው መፍትሔ ማሽን መጨመር ነው። ማነቆው ሌላ ቦታ ከሆነ ግን ገንዘቡ ወጥቶም ምርቱ ያው ይሆናል። የሲሙሌሽን ጥቅም ውሳኔውን አስቀድሞ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ማስቻሉ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ይጻፉ። "ፋብሪካውን በሙሉ እንቅረጽ" የሚል ሥራ ማለቂያ የለውም። "ሁለተኛ ማሸጊያ ማሽን ቢጨመር የቀኑ ምርት ያድጋል?" የሚለው ግን መልስ ያገኛል። መልሱ ውሳኔዎን የማይቀይር ከሆነ ሞዴሉ፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚቀረጸው የመስመሩ አምሳያ፣ ይቅር።

ቀጥሎ መረጃ ይሰብስቡ፦ የእያንዳንዱን ሥራ ጊዜ፣ ብልሽቱን፣ ጥገናውን፣ ከአንድ ምርት ወደ ሌላ ለመቀየር የሚፈጀውን ሰዓት። አማካዩን ብቻ አይያዙ፤ ወረፋ የሚፈጥረው የጊዜው መለዋወጥ ነውና ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሥራ በዘፈቀደ የሚደርሰውና የሥራ ጊዜውም በዘፈቀደ የሚለዋወጥ አንድ ማሽን እንውሰድ። ከጊዜው 80 በመቶውን ሲሠራ፣ በመሠራት ላይ ያለውን ጨምሮ በአማካይ 4 ሥራ ማሽኑ ዘንድ ይገኛል። 90 በመቶ ሲደርስ 9፣ 95 በመቶ ሲሆን 19 ይሆናል። ማሽኑ ሥራ አለመፍታቱ በሪፖርት ላይ ያምራል፤ ወረፋው ላይ የታሰረውን ገንዘብ ግን ሪፖርቱ አያሳይም።

ለመቅረጽ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራውና በነፃ የሚገኘው ሲምፓይ የተባለ መሣሪያ ይበቃል። በሥዕል መሥራት የሚመርጥ አሬና ወይም ኤኒሎጂክ የተባሉትን ሶፍትዌሮች ይሞክር።

ሞዴሉን ከማመንዎ በፊት ያለውን መስመር እንዳለ ያስኪዱትና ከእውነተኛው ምርት ጋር ያነጻጽሩ። የሊትል ሕግም ይረዳል፤ መስመሩ ላይ ያለው አማካይ የዕቃ ብዛት በሰዓት የሚወጣው በቆይታው ሰዓት ሲባዛ ነው ይላል፦ በሰዓት 100 ዕቃ የሚወጣበትና እያንዳንዱ ዕቃ 3 ሰዓት የሚቆይበት መስመር ላይ በአማካይ 300 ዕቃ መገኘት አለበት። ወለሉ ላይ 700 ከተቆጠረ መረጃው ተሳስቷል። የፈረቃ ኃላፊውንም ያሳዩት፤ ስህተቱን ከባለሙያው ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከዚያ አማራጮቹን ይሞክሩ። መስመሩ ባዶ ሆኖ ስለሚጀምር የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ውጤት ይጣሉ፤ እያንዳንዱን አማራጭ ደጋግመው አስኪደው ለአለቆች አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያለውን ግምት ያቅርቡ።

በመጨረሻ ውጤቱን በገንዘብ ይተምኑ። ተጨማሪው ምርት ገዢ ከሌለው ትርፍ ብለው አይቁጠሩት። ውሳኔው ከተተገበረ በኋላም የተገኘውን ከተገመተው ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነቱ ቀጣዩን ሞዴል የሚያርም መረጃ ነው።