የጎመን ችግኝን ከምትዘለዋ ጥንዚዛ ለማዳን

አዘዞ ከቤቴ ጓሮ ጎመን ማልማት ከጀመርሁ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ፀሐይ ሲበረታ፣ ገና ብቅ ያለው ችግኝ በሁለት ቀን ወንፊት ሆኖ ይገኛል። ቀዳዳዎቹ ጥቃቅንና ክብ ከሆኑ ትል ፍለጋ አትድከሙ። ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የምትሆን፣ የምታብረቀርቅ ጥቁር ጥንዚዛ ናት።

አምና የጎረቤቴ ልጅ ቀረብ ብላ አየችና «እማማ፣ ቅጠሉ ላይ እኮ ምንም የለም» አለችኝ። ጥላዋ ሲያርፍባቸው ሁሉም ዘለው ነበር። አንዷን በብርጭቆ ከድኜ አሳየኋት፤ የኋላ እግሮቿ ጭን ከሰውነቷ ጋር ሲታይ እጅግ ወፍራም ነው። በውስጡ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ጠንካራ አካል አለ፤ ስትደነግጥ እንደ ቁንጫ የሚያስፈነጥራት እሱ ነው።

ስለዚህ በእጅ መልቀም ከንቱ ድካም ነው። ይልቅ ዝላይዋን ተጠቀሙበት። ቢጫ የዘይት ጄሪካን ሰንጥቃችሁ ዘርጉና አንድ ፊቱን ግራሶ ቀቡት፤ ቢጫ ቀለም ይስባታል። ረፋዱ ላይ፣ ሙቀት ሲሰማት፣ የተቀባውን ፊት ወደ መደቡ አዙራችሁ በአንድ ወገን ያዙ፤ በሌላው ወገን ቅጠሉን በቀጭን እንጨት ዳበስ አድርጉት። እየዘለለች ግራሶው ላይ ትለጠፋለች። ማለዳ በብርድ ስለምትደነዝዝ አትዘልም፤ ያን ጊዜ አትሞክሩት።

ሁለተኛው ነገር ሰናፍጭ ነው። ሰናፍጭ ሲወቀጥ አፍንጫ የሚነዝረው ቅመም ከጎመን ቅጠልም ይወጣል፤ ተክሉ በላተኛን የሚመልስበት መሣሪያው ነው። ብዙ ነፍሳትን የሚያባርረው ሽታ ግን ይህችን ጥንዚዛ ይጠራታል። ከወገኖቿ አንዳንዶቹማ ቅመሙ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ወስደው በአካላቸው ያከማቹና ራሳቸውን ይከላከሉበታል፤ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የተደነቅሁት። እኔ ከጎመኑ ሁለት ሳምንት ቀድሜ በመደቡ ዳር ዳር ሰናፍጭ እዘራለሁ። መጀመሪያ የምታርፈው እዚያ ነው፤ ግራሶውንም በብዛት የምይዘው እዚያው ነው።

ችግኙ አምስት ቅጠል እስኪያወጣ ያረጀ ነጠላ በቀጭን እንጨት ደግፋችሁ አልብሱት፤ ጠርዙን አፈር ጫኑበት። አጎበር አይሆንም፤ ቀዳዳው ያሳልፋታል፣ ደግሞም የሰው ልጅ ከወባ የሚጠለልበት ነው። መደቡ አምና ጎመን የነበረበት ከሆነ ነጠላውም አይረዳም፤ እንቁላሏን የምትጥለው ሥሩ አጠገብ አፈር ውስጥ ስለሆነ ከውስጥ ትወጣለች። ቦታ ቀይሩ፤ የአሮጌውንም ጎመን ግንድ ነቅላችሁ አስወግዱ።

አመድ ጤዛው ሳይደርቅ ቢነሰነስ ይረዳል፤ ውኃ ካጠጣችሁ በኋላ ግን ድገሙት። መርዝ መርጨትን አልመክርም፤ ቅጠሉን ከሳምንት በኋላ ቀንጥሳችሁ ለልጆቻችሁ የምትቀቅሉት ነውና። አምስተኛው ቅጠል ሲዘረጋ ነጠላውን ወደ ማታ ግለጡት፤ ከዚያ ወዲያ ቢበሳም ችግኙ ይቋቋመዋል።