በፊልምና በድራማ ላይ የሚቀርብን የፌሚኒስት ሂስ እንዴት መመዘንና መከራከር ይቻላል?

አንድ ድራማ «ሴትን ያዋርዳል» ተብሎ ሲተች ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ገና ከጅምሩ ይበላሻል። አንዱ ወገን ድራማውን ስለሚወደው ሂሱን ይጠላዋል፤ ሌላው የሴቶችን መብት ስለሚደግፍ ሂሱ ደካማ ቢሆንም ይከላከልለታል። ሁለቱም ግን ሂሱ ራሱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ ሳይነኩት ይለያያሉ። በእኩልነት ከልቡ የሚያምን ሰው ደካማውን ሂስ ደካማ ነው ለማለት መድፈር አለበት፤ ምክንያቱም ማስረጃ የሌለው ክስ ማስረጃ ባለው ክስ ላይ ሳይቀር አመኔታ ያሳጣል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የሰሙትን ሂስ ሊጣራ በሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «ይህ ድራማ ሴቶችን ይንቃል» የሚለው አባባል ስሜትን ይገልጻል እንጂ የሚያከራክር ነገር አይሰጥም። ከጥቂት ጊዜ በፊት በተገኘሁበት አንድ የውይይት ምሽት አንዲት ተሳታፊ ይህንኑ ስትናገር «የቱ ጋ?» ተብላ ተጠየቀች፤ እርሷም ባልና ሚስት ስለ መለያየት የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ጠቀሰች። ትዕይንቱን ሦስት ጊዜ ደጋግመን አየነው። ሚስትየዋ «ልጁን ማን ይውሰደው?» ብላ ከጠየቀች በኋላ ካሜራው አንድም ጊዜ ወደ ፊቷ አልተመለሰም፤ በስልክ ስንለካው ለአርባ ሰከንድ ያህል የምናየው የባልየውን ፊት ብቻ ሲሆን የእርሷ ድምፅ ከካሜራው ጀርባ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ማንም «የለም» ሊል አልቻለም። ክርክሩ ይህ የአዘጋጁ ዓላማ ነው ወይስ የልማድ ውጤት ወደሚለው ተሻገረ፤ እዚያ ላይም ከልብ ተለያየን፣ ግን የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ እኔም ብዙ ሂስ ሲሰናከልበት የማየው፣ ማሳየትንና መደገፍን አለመለየት ነው። በአንድ ድራማ ውስጥ አጎት የሆነ ገጸ ባሕርይ በሽምግልና መሐል «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ቢል፣ ተረቱ መነገሩ ብቻውን ድራማውን ጥፋተኛ አያደርገውም። መታየት ያለበት ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ሲናገር የማን ፊት እንደሚታይ፣ መልስ የሚሰጠው ሰው መኖር አለመኖሩና ታሪኩ በኋላ ለማን እንደሚፈርድ ነው። የእህቱ ልጅ አንገቷን ደፍታ ብትቀር፣ ሽማግሌዎቹ ቢስቁና ታሪኩም በአጎትየው ሐሳብ ቢቋጭ ሂሱ ጠንካራ መሠረት አለው። በአንጻሩ የአጎትየው ግትርነት ቤተሰቡን ሲበትን የምናይ ከሆነ፣ ያንን አንድ መስመር ቆርጦ ያወጣው ሃያሲ ሥራውን አልጨረሰም።

መለኪያዎችንም ከተሠሩበት ዓላማ ውጭ እንዳይጠቀሙባቸው ይጠንቀቁ። አሜሪካዊቷ የካርቱን ሠዓሊ አሊሰን ቤክደል እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሥዕል ላይ አንዲት ገጸ ባሕርይ ፊልም የምታየው ቢያንስ ሁለት ሴቶች ካሉበት፣ እርስ በርስ ከተነጋገሩና ንግግራቸውም ከወንድ ሌላ ስለሆነ ነገር ከሆነ ብቻ እንደሆነ ትናገራለች። በ2013 አራት የስዊድን ሲኒማ ቤቶች ይህንኑ መለኪያ ለሚያሳዩዋቸው ፊልሞች ደረጃ መስጫ አድርገውት ነበር። መለኪያው በብዙ ፊልሞች ላይ በአንድነት ሲሠራበት አንድ ኢንዱስትሪ ለሴቶች ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ ያሳያል፤ በአንድ ፊልም ላይ ሲፈረድበት ግን ያሳስታል። በዚያው ዓመት የወጣው «ግራቪቲ» አንዲት ሴት ጠፈርተኛ ከሞላ ጎደል ብቻዋን የምትሸከመው ታሪክ ሆኖ ሳለ፣ መለኪያውን እንደማያልፍ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

ሂስን በሂስ መመለስ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ከብሪታንያዊቷ የፊልም ሃያሲ ሎራ መልቪ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። መልቪ እ.ኤ.አ. በ1975 «ስክሪን» በተባለው የብሪታንያ መጽሔት ባወጣችው ጽሑፍ የካሜራው፣ የተመልካቹና የገጸ ባሕርያቱ ዕይታ በሆሊውድ ፊልሞች ውስጥ ተደራርቦ ወንድን ተመልካች፣ ሴትን ደግሞ የምትታይ እንደሚያደርግ ተከራከረች። ሲኒማ ቤት የምትቀመጠዋ ሴትስ የት ናት የሚለው ጥያቄ ሲነሣባት፣ በ1981 በሌላ ጽሑፍ ተመለሰችበት። በ1992 ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊቷ ፌሚኒስት ጸሐፊ ቤል ሁክስ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ስክሪኑ ላይ ከምትታየው ነጭ ሴት ጋርም ሆነ ከሚያያት ወንድ ጋር ራሳቸውን እንደማያዛምዱና ይህ ዓይነቱ ሂስ የዘርን ጉዳይ እንደዘነጋ አሳየች። ሁክስ መልቪን «ወንድ ጠል» ብላ አልሰደበችም፤ የጎደለውን ተመልካች አመጣች። ጠንካራ ተቃውሞ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በቪዲዮ ጌም ላይ የተነሣው ክርክር ግን ተገቢ መልስንም ዛቻንም ይዟል። የቪዲዮ ጌም ፌሚኒስት ሃያሲ የሆነችው አኒታ ሳርኪሲያን እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረበችው ቪዲዮ፣ በ2012 የወጣው «ሂትማን፦ አብሶሉሽን» የተባለው ጌም ተጫዋቹ በሴቶች አካል ላይ የፈለገውን እንዲያደርግ ይጋብዛል አለች። ተቃዋሚዎቿ ጌሙ ንጹሐንን ለሚገድል ተጫዋች ነጥብ እንደሚቀንስ ጠቀሱ። ይህ ተገቢ መልስ ነው፤ ሳርኪሲያን ልታነሣው ይገባ ነበር ብዬም አምናለሁ። ሆኖም ነጥብ መቀነሱ፣ ሴቶቹ እዚያ ቦታ ላይ ለምን በዚያ መልክ እንደተቀመጡ አይመልስም፤ ስለዚህ ክርክሩ ገና ብዙ የሚሄድበት መንገድ ነበረው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ግን በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሚገኘው ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልታደርገው በነበረው ንግግር ላይ የጅምላ ግድያ ዛቻ ደረሰ፤ የግዛቲቱ ሕግ አድማጮች መሣሪያ ይዘው እንዳይገቡ ለመከልከል ስለማይፈቅድ ንግግሩን ሰረዘችው።

ውይይት የሚመሩ ከሆነ ይህን ያህል እስኪደርስ አይጠብቁ። ንግግሩ ከድራማው ወጥቶ ወደ ሃያሲዋ መልክ፣ ትዳር ወይም አስተዳደግ የዞረበት ቅጽበት ላይ ተናጋሪውን በትሕትና ያቁሙትና «የትኛው ትዕይንት ላይ ነው ተሳስታለች የሚሉት?» ብለው ይጠይቁት። ትዕይንት ከጠቀሰ ቪዲዮውን ከፍተው አብራችሁ እዩት፤ ካልጠቀሰ ተራውን ለሚቀጥለው ሰው ይስጡ።